ከጀመዓው ራስ በላይ የተሰቀለ አማና

በረመዳን ወር ብዙ ጊዜ ስለ ጾም ሕግጋት፣ ስለ ዘካ፣ ስለ ለይለተል ቀድር እንነጋገራለን። ዛሬ ግን ስለ ቧንቧና ስለ አምፖል ላወጋችሁ ነው። ነገሩ ከኢባዳ የራቀ ቢመስልም እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

የምኖረው ይፋግ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ወረታን አልፋችሁ፣ የርብን ድልድይ ተሻግራችሁ፣ አዲስ ዘመን ከተማ ሳትደርሱ ታገኙታላችሁ። ዛሬ መንገደኛው በመኪና መስኮት አይቶት ያልፋል እንጂ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስሙ የገነነ ገበያ ነበር። አሞሌ ጨው የጫኑ ነጋዴዎች ያርፉበት ነበር፤ ከእነዚያም ውስጥ ሙስሊሞቹ ብዙ ነበሩ። ነጋዴ ባለበት ሶላት አለ፤ ሶላት ባለበት ደግሞ ለኢሻና ለፈጅር መብራት ያስፈልጋል።

የኋለኛው ሶፍ

ባለፈው ሻዕባን ወር አንድ ምሽት ከኢሻ በኋላ አንዲት አዛውንት እናት ምርኩዛቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ጠበቁኝ። በሴቶቹ በኩል ያለው መግቢያ አንድ ደረጃ አለው። ያን ምሽት እዚያ ደረጃ ላይ ተደናቅፈው ጉልበታቸው ተልጦ ነበር።

«ሼህ፣ እናንተ ፊት ለፊት በብርሃን ቆማችሁ ትቀራላችሁ። እኛ የቆምንበትን ምንጣፍ እንኳ አናይም። ረመዳን ደረሰ፤ ተራዊሁን እንዲህ ልንሰግድ ነው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ምክንያቱን ያውቁታል» አልኋቸው።

«አውቃለሁ። ግን ለአንድ ልጅ ብለው ሁላችንን ጨለማ ውስጥ ያስቀምጡናል?»

መልስ አልነበረኝም። እኚህ እናት ያነሱት ልጅ ማን እንደሆነ ለመናገር አሥራ አንድ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ከዚያ በፊት ግን ስለ መስጂድ መብራት ጥቂት ልበል፤ ያኔ ምን አሳስቶኝ እንደነበር የሚገባችሁ ያን ስትሰሙ ነው።

መብራትና መስጂድ

እኔ ቁርኣንን የቀራሁት በኩራዝ ነው። ከጣሳ የተሠራ፣ ላምባ የሚጠጣ፣ በክር የሚነድ ኩራዝ። ሉሓችንን ይዘን ዙሪያውን እንከበዋለን፤ ጠዋት ስንነቃ አፍንጫችን ጥላሸት ነው። ሀብታም የሚባለው መድረሳ ፋኖስ ወይም ማሾ ነበረው። ያ ኩራዝ ከፋብሪካ አልመጣም፤ የተጣለ ጣሳ አንስቶ የሠራው የመንደር ሰው ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራን ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አሮጌ በርሜል ምድጃ፣ ቁርጥራጭ ቆርቆሮ ሳጥን ሆኖ የሚወጣበት ሰፈር ነው። የወደቀን ብረት አንስቶ ጥቅም ላይ ማዋል ለእኛ አገር ሰው አዲስ ጥበብ አይደለም።

በዲናችንም መብራት ትልቅ ቦታ አለው። ሱረቱ አን-ኑር 35ኛው አያ ላይ አላህ (ሱ.ወ) ስለ ብርሃኑ ሲመስል በግድግዳ ጎድጓዳ ውስጥ ያለ፣ በብርጭቆ የተከበበ፣ ከወይራ ዘይት የሚበራ መብራት ያነሳል። በመስጂድ ውስጥ መብራት በማብራት የመጀመሪያው ሰው ሰሓባው ተሚም አድ-ዳሪ (ረ.ዐ) እንደሆኑ ኢብን ማጃህ ዘግበዋል። ዑመር (ረ.ዐ) ሰውን በኡበይ ኢብን ከዕብ ኋላ ለተራዊህ ከሰበሰቡ በኋላ፣ ዐሊ (ረ.ዐ) በረመዳን ሌሊት በመብራት የደመቁ መስጂዶችን አይተው ለዑመር ዱዓ እንዳደረጉላቸውም ተዘግቧል።

ይህን ሁሉ በወጣትነቴ አስተምር ነበር። የዘነጋሁት አንድ ሐዲስ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ መብራትን እንድናጠፋ አዝዘዋል፤ ምክንያቱንም ነግረውናል። አይጥ ክሩን ጎትታ ቤተሰቡን ልታቃጥል ትችላለች። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። እስቲ አስቡት፤ የአላህ መልእክተኛ ስለ አይጥና ስለ መብራት ክር ይጨነቃሉ። መብራትን ማብራት ብቻ ሳይሆን፣ ከመብራቱ የሚመጣውን አደጋ መጠበቅም ሱና ነው። እኔ የያዝኩት ግማሹን ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ቧንቧ

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት መስጂዳችን ውስጥ ያሉት አምፖሎች በሽቦ የተንጠለጠሉ ነበሩ። ከከተማ የሚያምር መብራት ለማምጣት ገንዘብ አልነበረንም። ከአሮጌ የውሃ መስመር የተረፈ ቁርጥራጭ ቧንቧ በግቢው ወድቆ ስለነበር፣ እኔው ራሴ በመጋዝ ቆርጬ፣ ገጣጥሜ፣ ሽቦ አሳልፌበት አራት አምፖል የሚይዝ መብራት ሠራሁ። አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ወንድም አይቶት «ሼሁ፣ የብረት መብራት የምድር ሽቦ ይፈልጋል፤ የተቆረጠውም ጠርዝ መሞረድ አለበት» ብሎኝ ነበር። «ይበራል እኮ!» አልኩት። በእርግጥም በራ። ለሁለት ዓመት በራ።

በሦስተኛው ዓመት ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው መስጂዱን እናጸዳ ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመት ደረሳዬ መሰላል ላይ ወጥቶ ቧንቧውን በእርጥብ ጨርቅ ሊያብስ ፈለገ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ከመውጣቱ በፊት ማጥፊያውን አጠፋ። አምፖሎቹ ጠፉ። ጨርቁ ቧንቧውን ሲነካ ግን ኤሌክትሪክ ያዘውና ከመሰላሉ ወረወረው። አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሱ ተረፈች። ክንዱ ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ።

በኋላ ስናየው ጥፋቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ያልሞረድኩት ስለታም ጠርዝ የሽቦውን ላስቲክ ቀስ በቀስ በልቶ መዳቡ ከብረቱ ጋር ተነካክቷል። ሁለተኛ፣ ማጥፊያውን የቀጠልኩት በፌዙ ላይ ሳይሆን በኑትራሉ ላይ ነው። ስለዚህ አምፖሉ ቢጠፋም 220 ቮልቱ ቧንቧው ላይ እንዳለ ነበር። ሦስተኛ፣ የምድር ሽቦ ቢኖር ኖሮ መዳቡ ብረቱን በነካባት ቅጽበት ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ሄዶ ብሬከሩ ይቆርጥ ነበር፤ እኛም ችግሩን ያኔውኑ እናውቅ ነበር። ሦስቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ።

አባቱ መጥቶ እጄን ያዘና «ሼህ፣ አይዘኑ፤ ቀደር ነው» አለኝ። ሽማግሌዎቹም እንዲሁ አሉ፤ «ኒያዎ ለኸይር ነበር» አሉኝ። አዎ፣ ሁሉም ነገር በአላህ ቀደር ነው። ነገር ግን ግመሉን ሳያስር «በአላህ ተመክቻለሁ» ለሚል ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰጡትን መልስ እናውቃለን፤ መጀመሪያ እሰራት፣ ከዚያ ተመካ ነው። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነም በሐዲስ መጥቷል፤ ዑለማዎችም ይህን በማያውቀው ሙያ ገብቶ ሰው ለጎዳ ሁሉ ያነሱታል። ስለዚህ የልጁን የሕክምና ወጪ ስከፍል ሰዎች ሰደቃ አደረጉልኝ። ሰደቃ አልነበረም፤ ዕዳ ነበር።

ከዚያ ምን አደረግሁ? ቧንቧውን አወረድኩት፤ በሴቶቹ በኩል ዳግመኛ መብራት እንዳይሰቀል ከለከልኩ። ወንዶቹ በኩል ሁለት አምፖል ግድግዳ ላይ ቀረ። ፍርሃቴን ጥንቃቄ ብዬ ጠራሁት። እኚያ እናት ደጃፍ ላይ እስኪጠብቁኝ ድረስ፣ አንዱን ጥፋት በሌላ ጥፋት እንደሸፈንኩ አልገባኝም ነበር።

ሁለተኛው ቧንቧ

በዚህ ጊዜ ያወቀ ሰው ይዘን ጀመርን። አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያና አንድ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ሁለቱም የጀመዓው ልጆች፣ በሰደቃ ሊሠሩ ቃል ገቡ። የእኔ ድርሻ መያዝና ማቀበል ሆነ። ቤታችሁ ለመሥራት የምታስቡ ቤተሰቦች እንድትጠቀሙበት፣ ያየሁትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

ቧንቧው፦ መጀመሪያ ሐቁን አጣራን። ግቢ ውስጥ ወድቆ ስለተገኘ ብቻ የእኛ አይሆንም፤ ባለቤቱን ጠይቀን ፈቃድ አገኘን። የተጠቀምነው ግማሽ ኢንች የሚባለውን ነጭ የውሃ ቧንቧ ነው። ውስጡ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ በሜትር ከ1 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። በጠቅላላው 2 ሜትር በቃን፦ አራት ባለ 40 ሳንቲ ሜትር፣ አራት ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ። ሦስት ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ፣ ማለትም ቲ፣ እና ሁለት ጎሚቶ ጨመርን።

አቀማመጡ ቀላል ነው። መሐል ላይ አንድ ቲ፣ መሐለኛው አፉ ወደ ላይ። ከእሱ ግራና ቀኝ 40 ሳንቲ ሜትር ቧንቧ፤ ከዚያ መሐለኛ አፉ ወደ ታች የሆነ ቲ፤ ከዚያ ሌላ 40 ሳንቲ ሜትር፤ መጨረሻ ላይ ወደ ታች የታጠፈ ጎሚቶ። ወደ ታች ያዩት አራት አፎች ላይ አጫጭሮቹ ቁራጮች፣ በእነሱ ጫፍ የአምፖል ማቀፊያዎቹ። ሲያልቅ አግዳሚ ሆኖ አራት መብራት የያዘ ዘንግ ይሆናል። ለቤት የሚሠራ ሰው አንድ ወይም ሁለት አምፖል ይበቃዋል።

ብየዳ ወይስ ጥርስ፦ ነጩ ቧንቧ ዚንክ የተቀባ ነው። ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። በያጆች ወተት ጠጥተን እንከላከለዋለን ይላሉ፤ ወተት ግን ሳንባ ውስጥ የገባን ጭስ አያወጣም። ስለዚህ ብየዳውን ትተን፣ ጫፎቹን ጥርስ አስወጥተን በመጋጠሚያ አሰርናቸው። ለውሃ እንደሚደረገው ጥርሱ ላይ ቴፕ አልጠቀለልንም። የምናሳልፈው ውሃ አይደለም፤ የምድር ሽቦው ሥራውን እንዲሠራ ደግሞ ብረት ከብረት ጋር በደንብ መነካካት አለበት።

ጠርዙ፦ እያንዳንዱ የተቆረጠ አፍ በክብ ሞረድ ውስጡ ተሞረደ። ባለሙያው ጣቱን አስገብቶ ይዳስስና «ገና ነው» ብሎ ይመልስልኛል። ክንዱ የተሰበረውን ልጅ እያሰብኩ ሞረድኩ። ሽቦ በሚወጣበት አፍ ሁሉ ደግሞ የላስቲክ ቀለበት ገባ።

ቀለሙ፦ በአዲስ ዚንክ ላይ ቀለም አይይዝም፤ ይላጣል። በሳሙና አጥበን፣ በአቼቶ አሽተን፣ በውሃ አለቅልቀን፣ ካደረቅን በኋላ ቀባነው። የምድር ሽቦው ብሎን የሚታሰርበትን ቦታ ግን ሳንቀባ ተውነው።

ሽቦው፦ ቧንቧው ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ ነው ሽቦው በቀጭን መሪ ሽቦ የተሳበው። ሽቦ አስገብተን ቧንቧውን ብናጠብቅ ኖሮ አብሮ ይጠመዘዝና ይላጥ ነበር። ባለ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ለስላሳ ሽቦ ተጠቀምን። ቧንቧው ውስጥ አንድም ቅጥያ የለም፤ የእያንዳንዱ አምፖል ሽቦ ሳይቆራረጥ በመሐለኛው ቲ ወጥቶ ኮርኒሱ ላይ ባለ ማገናኛ ሳጥን ይገናኛል። አረንጓዴና ቢጫ የሆነው የምድር ሽቦ በብሎንና በዳዶ ከቧንቧው ጋር ታሰረ። ማጥፊያው በፌዙ ላይ ሆነ። ይህን ያረጋገጠው በዓይን አይደለም፤ በቴስተር ነው።

መሬቱ፦ የምድር ሽቦ መጨረሻው መሬት ካልሆነ ጌጥ ነው። የአገራችን ዋልካ በክረምት እርጥብ ነው፤ በበጋ ግን ተሰነጣጥቆ ይደርቃል። ስለዚህ ዘንጉ በበጋም እርጥበት እስካለበት ድረስ ጠልቆ ተቀበረ። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ፈጥኖ የሚቆርጥ ብሬከርም ተጨመረ። ከሁሉም ውድ የነበረው ይህ ነው፤ ግን በዚህ ላይ አልተከራከርኩም። ይህ ክፍል የቤት ሙከራ አይደለም። ቧንቧውን እናንተ ቁረጡ፣ ሞርዱ፣ ቀቡ፤ ከቆጣሪው ጋር የሚያገናኘው ግን ባለሙያ ይሁን።

ሩብ ኩንታል ሩዝ

ቀጣዩ ጥያቄ መስቀሉ ነበር። ኮርኒስ ሸክም አይችልም፤ እሱ ራሱ የተሸከሙት ነው። ስለዚህ ከኮርኒሱ በላይ ወጥተን ጣሪያውን የያዘውን የባሕር ዛፍ ወራጅ መረመርን። አንዱ ምስጥ በልቶት በጣት ሲጫን ይፈረፈር ነበር፤ ተውነው። ደህናውን መርጠን በሁለት ቦታ ከጎን ወደ ጎን ሰርስረን፣ ሰፊ ሮንዴላ ያለው ብሎን አሳልፈን በዳዶ አሰርን። ከሁለቱ ሁለት ሰንሰለት ወረደ፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ብቻውን እንዲሸከም ሆኖ። ሽቦው ላላ ብሎ ከጎናቸው ይወርዳል እንጂ ክብደት አይሸከምም።

መብራቱ ከነአምፖሉ 5 ኪሎ አልሞላም። የቧንቧ ሠራተኛው ግን «አሁን አንሰቅለውም» አለ። ከፎገራ ሜዳ የመጣ ሩብ ኩንታል ሩዝ በጆንያ አስመጥቶ በመጀመሪያ በአንዱ፣ በማግስቱ በሌላው ሰንሰለት ላይ አንድ አንድ ሌሊት አሳደረው። በእነዚያ ሌሊቶች ከሥሩ ማንም እንዳይሰግድ ምንጣፉን አነሳን። ጆንያው አልወረደም፤ እንጨቱም አልጮኸም። ያ ሩዝ በኋላ የመጀመሪያው ቀን የጀመዓ ኢፍጧር ሆነ።

ዘንጉን ከወለሉ 2 ሜትር ተኩል ያህል ከፍ አድርገን ሰቀልነው። ረጅም ሰው እጁን ቢያነሳ እንዳይነካው፣ ሙስሐፍ የያዙ ሴቶችም ፊደሉን እንዲያዩ። አምፖሎቹ ዓይን እንዳይወጉ በእያንዳንዳቸው ላይ የቆርቆሮ ከለላ ተደረገ።

ስለ ኢስራፍም አሰብን። አራት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በአንድ ላይ 36 ዋት ነው። በሌሊት ለሦስት ሰዓት ቢበራ በ30 ሌሊት የሚበላው 3.24 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ተመሳሳይ ብርሃን የሚሰጡት ባለ 60 ዋት አሮጌ አምፖሎች ቢሆኑ 21.6 ይሆን ነበር። መብራት የሚጠፋበት ሌሊትም ስላለ፣ ከአራቱ አንዱ ባትሪ ያለውና ራሱን ችሎ የሚበራ እንዲሆን አደረግን። እሱም ከደረጃው በላይ ያለው ነው።

የቀረው ጥያቄ

የመጀመሪያው የተራዊህ ሌሊት በሴቶቹ በኩል መብራቱ በራ። እኚያ እናት ደረጃውን ሲወጡ በምርኩዛቸው አልዳሰሱም። ምንም አላሉኝም፤ ሶላት ካበቃ በኋላ ግን ከኋለኛው ሶፍ ቁርኣን የሚቀራ የሴት ድምፅ ሰማሁ። ለዓመታት ሴቶቹ ሶላት እንዳለቀ በጨለማ ተጠራርተው ወደየቤታቸው ይሄዱ ነበር። «ሥራ አለባቸው» እያልኩ አስብ ነበር። ሥራ አልነበረም፤ የሚያነቡበት ብርሃን አልነበራቸውም።

ያ ደረሳዬ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ወረታ ላይ ሩዝ ይነግዳል። ክንዱ ድኗል፤ ብርድ ሲሆን ግን ይቆረጥመዋል። በረመዳን አጋማሽ ለኢፍጧር መጣና ወንዶቹ በኩል ቆሞ በመጋረጃው ላይ የሚታየውን ብርሃን አየ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

«ሼሁ፣ የምድር ሽቦ አለው?» አለኝ።

«አለው» አልኩት።

«ማን አየው?»

ባለሙያውን ጠርቼ ቴስተሩን አስመጣሁ። በመጋረጃው ማዶ ሴቶቹ እስኪወጡ ጠበቅን፤ ከዚያ በፊቱ አስለካሁት። ልጁ ዝም ብሎ ተመለከተ። መሰላሉ ላይ እንዲወጣ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልወጣም። ይህ ሐቁ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ ወር ብዙዎቻችን ቤታችንንና መስጂዳችንን እናደምቃለን፤ ሽቦ እንስባለን፣ አምፖል እንሰቅላለን፣ ልጆቻችንን መሰላል ላይ እናወጣለን። ኒያችሁ እንደሚያምር አልጠራጠርም። የእኔም ያምር ነበር። ነገር ግን ያማረ ኒያ ያልተሞረደ ጠርዝን አይሞርድም፣ የምድር ሽቦንም አይተካም። ከሰው ራስ በላይ የምንሰቅለው ነገር ሁሉ አማና ነው። ዛሬ ማታ ከኢፍጧር በኋላ ቀና ብላችሁ ከልጆቻችሁ ራስ በላይ የተሰቀለውን ተመልከቱ፤ ማን እንዳሰረው፣ በምን እንዳሰረው ጠይቁ። የማታውቁት ከሆነ ነገ የሚያውቅ ሰው ጥሩ።

አላህ ጾማችንንና ቂያማችንን ይቀበለን፤ ቤታችንንም ቀብራችንንም ያብራልን። አሚን።